«ደህና ነን» ከማለታችን በፊት፦ ለአካል ጉዳት ድጋፍ ዕቅድ ስብሰባ እንዴት እንዘጋጅ?

በኡም ራኩባም ሆነ በቱናይድባ፣ በባቢክሪም ሆነ ከካምፕ ውጭ በፋሽጋ ዙሪያ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ካለ አንድ ቀን «ነገ ጠዋት ትፈለጋላችሁ» የሚል መልእክት ይደርሳችሁ ይሆናል። ወይ ሠራተኛዋ ቅጿን ይዛ ሸልተራችሁ ድረስ ትመጣለች፣ ወይ እናንተ ወደ ፕሮቴክሽን ቢሮ ትጠራላችሁ። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ትነጋገራላችሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚደረገው ወይም የማይደረገው ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች ሰዓት በተጻፈው ነው።

እኔ የካምፕ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪምም የሕግ ሰውም አይደለሁም። ግን እንግሊዝኛና የገበያ አረብኛ ስለምሞክር ጎረቤት «አብረኸን ግባ» ይለኛል፣ እገባለሁ። ገብቼ ያስተዋልኩት ዋናው ነገር፣ ስብሰባው የሚፈልገው የበሽታ ስም ሳይሆን ኑሮ መሆኑ ነው። ሰውየው ምን መሥራት ይፈልጋል? የት ላይ ይሰናከላል? ማን ይረዳዋል? ዕቅዱ የሚወጣው ከዚህ ነው። እኛ ግን ይዘን የምንገባው ወይ የሐኪም ወረቀት ብቻ ነው፣ ወይ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ቃል ነው።

የምስጋናችን ነገር

እኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ምንም ቢደርስበት ምስጋና ያስቀድማል። ሐዘን ላይ ተቀምጦ እንኳ «ተመስገን» ይላል። ጥሩ ባህል ነው፤ ለቅጹ ግን አይሆንም። እግራቸው የተጎዳ አንድ ሽማግሌ ሲጠየቁ የሚሆነውን ልንገራችሁ።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

«መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ?»

«እንዴታ! እሄዳለሁ።»

ሠራተኛዋ «ችግር የለም» ብላ ልትጽፍ ነው። እውነቱ ምንድን ነው? ቀን ቀን በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ይሄዳሉ። ማታ ልጅቷን ላለመቀስቀስ ሲሉ ከቀትር በኋላ ውሃ አይጠጡም። በዚህ በገዳሪፍ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ለኩላሊት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰውየው አልዋሹም፣ በእርግጥ ይሄዳሉ። ግን በልጅ ፊት የመጸዳጃን ነገር መዘርዘር ነውር ስለሆነባቸው በአንድ ቃል ዘጉት።

ስለዚህ ሰላምታውን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ አድርጉት። ምስጋናውን አቅርቡ፤ ከዚያ «አሁን ስለ ኑሮዬ ልንገርሽ» ብላችሁ ጀምሩ። ነውር የሚመስለውን ነገር ቀድማችሁ በቤት ተነጋገሩበት። እናት በልጇ ፊት፣ አባት በምራቱ ፊት የማይናገረው ነገር ካለ ከሠራተኛዋ ጋር ለብቻ መነጋገር እንደሚፈልግ መጠየቅ ይችላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ሴት ሠራተኛና ሴት አስተርጓሚ እንዲመደብላት ቀድማ ትጠይቅ። ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ መቀየር ያስቸግራል።

«ትንሽ» የምትለዋ ቃል

ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ። «የዋሽንግተን ቡድን ጥያቄዎች» ይባላሉ፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመ ነው። የሚጠይቁት ስለ ማየት (መነጽር ቢደረግም)፣ ስለ መስማት (የመስሚያ መሣሪያ ቢኖርም)፣ ስለ መራመድና ደረጃ መውጣት፣ ስለ ማስታወስና ሐሳብን መሰብሰብ፣ ስለ መታጠብና መልበስ፣ በመጨረሻም ሰው የሚለውን ስለ መረዳትና የራስን ሐሳብ ስለ ማስረዳት ነው። ለእያንዳንዱ አራት መልስ አለ፦ ምንም አያስቸግረኝም፣ ትንሽ ያስቸግረኛል፣ በጣም ያስቸግረኛል፣ ጭራሽ አልችልም።

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። በተለመደው አሠራር የአካል ጉዳት ያለበት ሆኖ የሚቆጠረው ቢያንስ በአንዱ ጥያቄ «በጣም» ወይም «ጭራሽ» ያለ ሰው ነው። እኛ ደግሞ «ትንሽ» የምንለው መች ለትንሽ ነገር ሆነና! ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው ጠዋት «ትንሽ አሞኝ ነበር» ይላል። በቅጹ ላይ ያቺ «ትንሽ» ከመስመሩ ወዲህ ታስቀራችኋለች።

አጋንኑ ማለቴ አይደለም። የተጋነነ ነገር በሚቀጥለው ጥያቄ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ ደግሞ እውነተኛውንም ይዞ ይወድቃል። የምለው፣ ያለ ሰው እርዳታ ምን እንደምትችሉ ተናገሩ ነው። ልጃችሁ አዝሎ ያደረሳችሁ እንደሆነ «እደርሳለሁ» አይባልም፤ «ልጄ ያደርሰኛል፣ እሱ ከሌለ እቀራለሁ» ነው የሚባለው። ጥሩውን ቀን ብቻም አትናገሩ። በሳምንት ሦስት ቀን መነሳት የሚያቅታት ሴት በተነሳችበት ቀን ብትጠየቅ ሦስቱንም ቀን ትናገር።

እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች የማይይዟቸው ነገሮችም አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ያያል፣ ይሰማል፣ ይራመዳል፤ ሁሉንም «ምንም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በጦርነቱ ካየችው ነገር የተነሳ እንቅልፍ አጥታ፣ ሰው ሸሽታ የተቀመጠች ሴትም እንደዚሁ። ካልተጠየቃችሁ ራሳችሁ አንሱት። የሚጥል በሽታ ከሆነ በወር ስንቴ እንደሚጥለው፣ እሳት ወይም ውሃ አጠገብ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ተቋርጦ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። ለልጆች ደግሞ ዩኒሴፍና ይኸው ቡድን ያዘጋጁት የተለየ መጠይቅ አለ፤ ከ2 እስከ 17 ዓመት ላሉት ነው። ስለ መማር፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ባሕርይ ይጠይቃል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ «የልጆቹን መጠይቅ ነው የምትጠቀሙት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

አንድ ቀን፣ ከዚያም አንድ ክረምት

ከስብሰባው በፊት ባሉት ቀናት የሚሠራ አንድ የቤት ሥራ አለ (አስተማሪ ነኝ፣ ያለ የቤት ሥራ አላልፍም)። የሰውየውን አንድ ሙሉ ቀን ከመነሳት እስከ መተኛት ቁጠሩ። ማን ከአልጋ ያነሳዋል? ፊቱን የሚታጠበው የት ነው? መጸዳጃ ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል፣ በሩስ ስንት ስንዝር ይሰፋል? ውሃ ማን ይቀዳል፣ ስንት ጀሪካን? ራሽን በሚታደልበት ቀን ሰልፉ ላይ ማን ይቆማል? ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚቀመጥበት ሰዓት አለ? መጻፍ የሚችል ልጅ ቤት ውስጥ ካለ በደብተር ይጻፈው። ካልሆነ ጎረቤት አስጽፉ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ይህ የሚጠቅመው ለምንድን ነው ብትሉ፣ ሠራተኛዋ «እግሩ ሽባ ነው» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ልታቅድ እንደምትችል አስቡት። ምንም። «መጸዳጃ ቤቱ 80 እርምጃ ነው፣ መቀመጫ የለውም፣ መቆንጠጥ ስለማይችል ቆሻሻ ላይ በእጁ ይደገፋል» ከተባለ ግን የሚታቀድ ነገር አለ፦ መሃሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር፣ የእጅ መያዣ አግዳሚ፣ ቅርብ ወዳለ ቦታ መዛወር። የተበሳውን ወንበር የካምፕ አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ደግሞ ከሸልተሩ እስከ መጸዳጃው ድረስ በችካል ላይ የተወጠረ ገመድ ብቻ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ቀኑን ከቆጠራችሁ በኋላ ክረምቱን ቁጠሩ። የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ከሰኔ ጀምሮ ሲዘንብበት ጭቃው ጫማ ይነቅላል። ጤነኛው የሚንሸራተትበት መንገድ ላይ ክራንች እስከ ግማሹ ይሰምጣል፣ ዊልቸር ከነጭራሹ አይንቀሳቀስም። ስብሰባው በጥር ከሆነ ሠራተኛዋ ደረቁን መሬት አይታ ትጽፋለች። «በሐምሌ እንዴት እወጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሸልተሩ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፣ ጎርፍ ቢመጣ ማን እንደሚያወጣችሁ ይጻፍ። ከክረምቱ ቀጥሎ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ አለ። አጨዳው ሲደርስ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ እርሻው ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ አባቱን የሚያነሳው ልጅ ለቀን ሥራ ሲሄድ ለእነዚያ ሳምንታት ማን ይተካዋል? ይህም የዕቅዱ ጉዳይ ነው። ረዳቱን ማንም ስለማይጠይቀው ብቻ እኮ ብዙ ዕቅድ በጥቅምት ይበላሻል።

ማን ይናገር?

በእኛ ልማድ ታላቅ ወንድም ወይም አባት ይናገራል፤ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ቤት ይቀራል፤ ልጁን ከሰው ዓይን ለመከለልም ይሁን «ምን ይናገራል» ብለን። ይህን ልማድ አልወደውም፣ ሳልናገርም አላልፍም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የጸደቀ ነው፤ ሱዳን በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀውታል። አንቀጽ 11 በጦርነትና በአደጋ ጊዜ ጭምር የእነዚህ ሰዎች ደኅንነት እንዲጠበቅ መንግሥታትን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የረድኤት ድርጅቶች የጋራ መመሪያም ውሳኔው ላይ ራሳቸው እንዲካፈሉ ይላል። ከሕጉ ሌላ ተራ ምክንያትም አለ። የሚፈልገውን የሚያውቀው እሱ ነው። ቤተሰቡ «ዊልቸር ይሰጠው» ሲል ልጁ የሚፈልገው ትምህርት ቤት መግባት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት «ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ቢቀየርልህ ምን ይሁን?» ብላችሁ ራሱን ጠይቁት፣ ስብሰባው ላይም ያንን ራሱ ይናገር። መናገር የማይችል ከሆነ በምልክት፣ በሥዕል፣ በጣት በማሳየት ይመልስ፤ ጊዜ እንዲሰጠው ጠይቁ። መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስ፦ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋና ሱዳን ውስጥ የሚሠራበት የምልክት ቋንቋ አንድ አይደሉም። አገር ቤት ትምህርት ቤት ገብታ ምልክት የተማረች ልጅ የሱዳን አስተርጓሚ ቢመጣላት ላትግባባ ትችላለች። ይህን ቀድማችሁ አሳውቁ። እሷን የሚያውቅ ሰው አብሯት ይግባ።

የአፍ አስተርጓሚም ነገር አለ። ሠራተኞቹ አረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሆኑ የሚገኘው አስተርጓሚ ሁልጊዜ አማርኛ ላይ ጠንካራ አይሆንም። «አማርኛ የሚችል እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው፤ ማስቀየም አይደለም። አስተርጓሚው የምትጠነቀቁት ጎረቤት ከሆነም ሌላ እንዲመጣ መጠየቅ ይቻላል፤ በቤት ውስጥ ያለ የሕመም ምስጢር በማግስቱ ቡና ላይ እንዲወራ ማንም አይፈልግም። ሕፃን ልጅን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል።

ይዛችሁ የምትገቡት

የመመዝገቢያ ወረቀታችሁን፣ የራሽን ካርዱን፣ ያለውን ሁሉ የሕክምና ወረቀትና የመድኃኒት ባዶ ፓኮ ያዙ። ዋናውን ወረቀት አትስጡ፤ በስልክ ፎቶ አስነሱ ወይም ኮፒ ይደረግ። ተማሪ ከሆነ አስተማሪው የሚጽፈው አጭር ማስታወሻ ይጠቅማል። እኛ አስተማሪዎች ወላጅ የማያየውን እናያለን፦ ከኋላ ሲቀመጥ የማይሰማ፣ ሰሌዳውን ለማየት ተነስቶ የሚጠጋ፣ ከጆሮው ፈሳሽ የማይጠፋ ልጅ። ጠይቁን፣ እንጽፋለን።

ስለ ዊልቸር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። ዊልቸር እንደ ብርድ ልብስ የሚታደል ዕቃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሰውየው ይመረመራል፣ ይለካል፣ የሚስማማው ይመረጥለታል፣ ተቀምጦበት ይስተካከላል፣ አጠቃቀሙን ይሠለጥናል፣ በኋላም ክትትል ይደረጋል። የዳሌው ስፋትና የጭኑ ርዝመት ሳይለካ የተሰጠ ወንበር ጀርባ ያጣምማል። ወገቡ የማይሰማው ሰው ደግሞ ትራስ በሌለው ወንበር ላይ ከዋለ መቀመጫው ይቆስላል፤ ይህ ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቆ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ዊልቸር» ብቻ ሳይሆን «የተለካ፣ ትራስ ያለው፣ በአፈር መንገድ የሚሄድ» በሉ፤ ጎማው ቢፈነዳ የት እንደሚጠገንም ጠይቁ። የሰው ሠራሽ እግርም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ልጅ ሲያድግ እግሩ ይጠበዋል፣ በየዓመቱ ገደማ መታየት አለበት። ሱዳን ውስጥ ይህን የሚሠራው ብሔራዊ የመንግሥት ተቋም ዋና ማዕከሉ ካርቱም ነበር፤ ካሰላም ቅርንጫፍ ነበረው። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከተነሳ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ተናግቷል። ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማዕከሉ አሁን ይሠራል ወይ? ትራንስፖርቱን የሚችለው ማን ነው? ከካምፕ ለመውጣት የሚያስፈልገው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ለታማሚው ብቻ ነው ወይስ ለሚደግፈውም ሰው? ያለ ደጋፊ ፈቃድ የተጻፈ ሪፈር ለማይራመድ ሰው ትርጉም የለውም።

ዊልቸር ባይኖር እንኳ የሚጠየቅ ብዙ ነገር አለ። በሰልፍ ቀን ቅድሚያ ማግኘት፣ ራሽን በስሙ የሚቀበል የታመነ ተወካይ ማስመዝገብ (ተወካዩ ቢያጭበረብር መቀየር እንደሚቻልም ጠይቁ)፣ ውሃ የሚያቀርብ ሰው፣ ተጨማሪ ሳሙናና ጨርቅ፣ ክፍል ውስጥ የፊት ወንበር፣ ማታ መብራት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት ልጃገረድ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትቀር ከሆነ ደኅንነቷ ራሱ አንድ የዕቅድ ነጥብ ነው፤ አፍራችሁ አትለፉት። የምታስታምመውም እናት ትጠየቅ። ወገቧ ያመማል፣ እንቅልፍ የላትም፣ የቀን ሥራ መውጣት አትችልም።

ከሪሴትልመንት ጋር አታገናኙት

ይህን መናገር አይጥምም፣ ግን ሳይነገር ሰው እየተጎዳ ነው። የድጋፍ ዕቅድ ስብሰባ ወደ ሦስተኛ አገር መሄጃ በር አይደለም። ዩኤንኤችሲአር ለሪሴትልመንት ጉዳይ የሚያቀርብባቸው ዘርፎች አሉ፤ የሕክምና ፍላጎት አንዱ ነው፣ የአካል ጉዳት ብቻውን ግን ዘርፍ አይደለም። ይህን ተስፋ አድርጎ የገባ ሰው መጸዳጃውንና ውሃውን ትቶ ስለ ካናዳ ሲያወራ ሰዓቱ ያልቃል። የዩኤንኤችሲአርም ሆነ የአጋሮቹ አገልግሎት በነፃ ነው። «ስምህን አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ መታወቂያ ያንጠለጠለም ቢሆን፣ ሌባ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሠራተኛዋ ጽፋ ስትጨርስ «እባክሽ አንብቢልን» በሉ። በአማርኛ ተተርጉሞ ይነበብላችሁ። ያላላችሁት ከተጻፈ ይታረም፤ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፣ አውራ ጣትም አታሳርፉ። የነገራችሁት ለየትኞቹ ቢሮዎች እንደሚተላለፍ ጠይቁ፤ ለአንዱ ይሂድ፣ ለሌላው አይሂድ ማለት ትችላላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ የሚሠራው ማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ መጻፉን እዩ። «ይታያል» የሚል ቃል ካለ «በማን ይታያል? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ «አቅም የለንም» ይባላል። ከጦርነቱ ወዲህ ገዳሪፍ ራሷ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች በተፈናቀሉ ሱዳናውያን ተጨናንቃለች፣ እርዳታውም ሳስቷል፤ ስለዚህ እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጥያቄያችሁ «ተጠይቋል፣ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ። ያልተጻፈ ጥያቄ ዕቃው የመጣ ቀን አይታወስም።

ኮፒ ጠይቁ፣ ከተከለከለ ፎቶ አንሱ፣ እሱም ካልሆነ በደብተራችሁ ላይ ቀኑን፣ የሠራተኛዋን ስም፣ የድርጅቱን ስምና የጉዳዩን ቁጥር ጻፉ። እዚህ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ የመጣው አዲስ ሰው ፋይሉን ሊያጣው ይችላል፣ ከእናንተ ጋር ያለው ግን ይኖራል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጣሪያው ከማያፈስበት በኩል ስቀሉት።

የተባለው ቀን ካለፈ አንድ ሳምንት ጠብቁና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። መልስ ካጣችሁ የካምፑ የአካል ጉዳተኞች ኮሚቴ ካለ በእሱ በኩል፣ ከሌለ በቅሬታ ሳጥን ወይም በኮር ቢሮ በኩል አቅርቡ፤ የጉዳዩን ቁጥር አትርሱ። የሰውየው ሁኔታ ከተባባሰ፣ የሚረዳው ሰው ከሄደ ወይም ሸልተር ከተቀየረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዕቅዱ እንዲከለስ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ቢሮው ተዘግቶ ካገኛችሁት የሄዳችሁበትን ቀን በደብተሩ ላይ ጻፉና በሚቀጥለው የሥራ ቀን ተመለሱ።